ሲደሰት የሚደማ ጅራት

የአንባቢያን ጥያቄና የእንስሳት ሐኪም መልስ፣ ከባሕር ዳር

በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ ላምና ስለ ጫጩት ናቸው። እነሱን ለሚቀጥለው እትም አቆይቻቸዋለሁ። የዛሬውን ገጽ በሙሉ ለትልልቅ ውሾች ጅራት ሰጥቼዋለሁ። ጅራት ላይ ያለ ቁስል ትንሽ ስለሚመስል ሰው አይደነግጥበትም። ወደ እኔ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ጫፉ ጠቁሮና ሸትቶ ነው። በጊዜ ቢያዝ የሚድን ነገር ነበር። ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው ሽምብጥ ነው። ጃክ የሚባል የሦስት ዓመት ውሻ አለኝ። ቁመቱ ትልቅ፣ ፀጉሩ አጭር፣ ጅራቱ ረጅምና ቀጭን ነው። ከሥራ ስመለስ ደስ ብሎት ጅራቱን ሲቆላ ከግድግዳው ጋር ያጋጨዋል። ጫፉ ተሰንጥቆ ይደማል። አንድ ማታ ስገባ በሩም ግድግዳውም ደም ተረጭቶበት ክው ብዬ ቀረሁ። የቡና ዱቄት ነሰነስኩበት። ጎረቤቴ ደግሞ ጂቪ የሚባለውን ሐምራዊ የቁስል ቀለም ቀባልኝ። ደረቅ ሲል ደስ ይለኛል፤ በማግስቱ ተመልሶ ይደማል። እንዲህ ከሆነ ሁለት ወር አለፈው። ምን ይሻለኛል?
የጃክ አሳዳጊ፣ ከሽምብጥ

መልስ፦ አይዞዎት፣ በዚህ ዓይነት መድማት ውሻ አይሞትም። ጅራት ሲወዛወዝ ጥቂቷን ጠብታ በየአቅጣጫው ስለሚረጫት ነው ብዙ የሚመስለው። 30 ኪሎ የሚመዝን ውሻ በሰውነቱ ውስጥ 2.5 ሊትር ያህል ደም አለው። ከንፈሩን ገለጥ አድርገው ድዱን ይዩት። ሮዝ ከሆነና እንደ ወትሮው የሚበላ፣ የሚጫወት ከሆነ ጊዜ አለዎት። ድዱ ከነጣ ወይም ውሻው ከተዝለፈለፈ ግን ሳይውል ሳያድር ክሊኒክ ይውሰዱት።

አሁን ለምን አልድን እንዳለ ልንገርዎት። የውሻ ጅራት የአከርካሪው ቀጣይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ 20 ገደማ ትናንሽ አጥንቶች አሉት፤ ወደ ጫፍ በሄዱ ቁጥር ይቀጥናሉ። ሥሩ አካባቢ ጡንቻ አለ። ጫፉ ላይ ግን ከቆዳ፣ ከቀጭን ደም ሥርና ከአጥንት በቀር ምንም የለም ማለት ይቻላል። እዚያ የሚደርሰው ደም ጥቂት ስለሆነ ቁስሉ ቶሎ አይሞላም። በዚያ ላይ ከጅራቱ ሁሉ ፈጥኖ የሚሄደው ጫፉ ነው። ለቡሄ ልጆች ጅራፍ ሲያጮሁ አይተው የለ? እጅ ትንሽ ትነቀነቃለች፣ ጫፉ ግን አየሩን ይሰነጥቀዋል። ጃክ ያንን ጫፍ በብሎኬት ላይ ነው የሚያሳርፈው። ቁስሉ ቅርፊት ይዞ ሊድን ሲል እርስዎ ከሥራ ይመለሳሉ፣ እሱ ይደሰታል፣ ቅርፊቱ ይነሳል። ነገሩ እንደገና ከሀ ይጀምራል።

ሁለት ወር ሙሉ ያከሙት ቁስሉን ነው። ግድግዳውን ግን አልነኩትም። ጅራቱ የሚመታበት ቦታ ካልተለወጠ የትኛውም ቅባት፣ የትኛውም መርፌ አያድነውም። ለሚመጣ ሰው ሁሉ የምለው ይህንኑ ነው።

ይህ የእኔ አስተያየት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በብሪታንያ የወጣ አንድ ጥናት 138,212 ውሾች ካሉበት የክሊኒክ መዝገብ 281 የጅራት ጉዳት አግኝቶ ነበር። ባለቤቶቹ ምን እንደጎዳው ሲጠየቁ ከመቶ 36 ያህሉ ጅራቱን ከግድግዳ ወይም ከቤት ዕቃ ጋር አጋጭቶ ነው አሉ። ከመቶ 14 ያህሉ ደግሞ በር ቀርጥፎት ነው ብለዋል። ጅራታቸውን ሰፋ አድርገው የሚቆሉ ውሾችና በጠባብ የውሻ ቤት ተዘግተው የሚኖሩት ይበልጥ ተጠቂ ሆነው ተገኝተዋል።

አሁን የእኛን ግቢ ያስቡት። ጠባቂ ውሻ ቀን ቀን ታስሮ ይውላል። የሚታሰረውም ጥግ ላይ ነው። በአንድ ወገን ብሎኬት፣ በሌላው ቆርቆሮ፣ ከኋላ የጥቁር ድንጋይ አጥር። ያ ድንጋይ ሸካራ ነው፣ ቆዳ ይልጣል። የቆርቆሮው ጠርዝ ይቆርጣል። ውሻው ዞር ለማለት እንኳ ቦታ የለውም። ጅራቱ ወደ ጀርባው የተጠቀለለ የአገራችን ውሻ ብዙም አይቸገርም። ፀጉሩ የተንዠረገገ ጀርመን ሼፐርድም ፀጉሩ ይከላከልለታል። እንደ ጃክ ያለ አጭር ፀጉር ያለው፣ ጅራቱ ረጅምና ራቁቱን የሆነ ትልቅ ውሻ ግን መከራውን ያያል።

ዛሬ ማታ ከደማ እንዲህ ያድርጉ። ንጹሕ ጨርቅ ወይም ጎዝ አጥፈው ጫፉን በእጅዎ ጠበቅ አድርገው ይያዙት። ሰዓት እያዩ 10 ደቂቃ አይልቀቁት። «ቆመ ወይ?» እያሉ በየደቂቃው መግለጥ የረጋውን ደም ያነሳዋል። በክር፣ በላስቲክ ወይም በጫማ ማሰሪያ አንቀው እንዳያስሩት አደራ። ታስሮ የተረሳ ጅራት ደም አጥቶ ይሞታል።

መድማቱ ሲቆም ይጠቡት። ግማሽ ሊትር ውሃ አፍልተው አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው ይጨምሩበትና ለብ ሲል ቁስሉ ላይ ያፍስሱት። የቡናው ዱቄት በሙሉ ይውጣ። ቡና ደም ያቆማል ተብሎ በየቤቱ እንደሚደረግ አውቃለሁ። ነገር ግን ዱቄቱ ቁስሉ ውስጥ ቆሻሻ ሆኖ ይቀራል። ውሻው አብዝቶ ከላሰው ደግሞ ካፌይኑ ሊመርዘው ይችላል። ጂቪም ቢሆን ቁስሉን ሐምራዊ አድርጎ ስለሚሸፍነው መመርቀዙን ለማየት ያስቸግረኛል። አልኮል፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ ነጭ ጋዝ፣ የተቃጠለ ዘይት አይድረሱበት። እየሞላ ያለውን ሥጋ ያቃጥሉታል።

ከዚያ በቁስሉ ዙሪያ ያለውን ፀጉር ይከርክሙ። ቲቲሲ የምንለውን የቴትራሳይክሊን የቆዳ ቅባት ስስ አድርገው ጎዝ ላይ ቀብተው ያሳርፉበት፤ ቅባት ያለው ጎዝ ቁስሉ ላይ አይጣበቅም። ጥጥ በቀጥታ አያስነኩት፣ ክሩ ይቀርበታል። በላዩ ፋሻ ይጠቅልሉ። ፋሻው ከቁስሉ በላይ ረዘም ብሎ የጅራቱን ግማሽ ያህል መያዝ አለበት። ጫፉን ብቻ የያዘ ፋሻ በመጀመሪያው ውዝወዛ ተስፈንጥሮ ይሄዳል። ፕላስተሩን ዙሪያውን አጥብቀው አይጠምጥሙት፤ እያዟዟሩ ወደ ላይ ይውሰዱትና መጨረሻው ላይ ፀጉሩን ጭምር ይያዝ። ሲጨርሱ ትንሿ ጣትዎ በፋሻው ጠርዝ በኩል መግባት አለባት።

ግጭቱን የሚችል መከላከያም ያስፈልጋል። የ60 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ከፋርማሲ ይግዙ። መግፊያውን አውጥተው ይጣሉት፣ ጫፉን ቆርጠው ጠርዙን በፕላስተር ያልስልሱት። አየር እንዲገባ ጎኑን በጋለ ሚስማር ይብሱት። ይህን ከፋሻው በላይ አልብሰው በፕላስተር ያያይዙት። የተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ የሚያደርጉ ሰዎችም አሉ። እኔ አልወደውም። ሰፊ ስለሆነ ይወልቃል፣ ጅራቱንም ያከብደዋል። የከበደ ጅራት ደግሞ የባሰ ይመታል።

ፋሻው በየሁለት ወይም በየሦስት ቀኑ ይቀየር። ከረጠበ ወይም ከሸተተ በዚያው ሰዓት ይቀየር። ክረምት ላይ ለሽንት ሲወጣ ፌስታል ያልብሱትና ሲመለስ ወዲያው ያውልቁለት፤ ታፍኖ ካደረ ቆዳው ይበሰብሳል። ከፋሻው በታች ወይም በላይ እብጠት ካዩ፣ ውሻው ፋሻውን መንከስ ካበዛ ጠብቋል ማለት ነው። ይፍቱት። በባሕር ዳር ሙቀት ደግሞ ክፍት ቁስል ለዝንብ ግብዣ ነው። ዝንቧ እንቁላሏን ከጣለች በአንድ ቀን ውስጥ ትል ይፈላል። ትል ካዩ በቤት ውስጥ አይታገሉት፣ ይዘውት ይምጡ።

እንዳይልሰው በአንገቱ የሚጠለቀውን ፕላስቲክ ካላገኙ የቀለም ባልዲ ታጥቦ ይሠራል። ታቹን በአንገቱ ልክ ይቅደዱት፣ ጠርዙን በጨርቅ ይሸፍኑት፣ ከአንገት ማሰሪያው ጋር በገመድ ያያይዙት። መብላትና መጠጣት እንደሚችል ቆመው ይዩት።

ለሕመሙ ብለው ግን የራስዎን መድኃኒት አይስጡት። አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ፣ ፓራሲታሞል ለእኛ ቀላል ናቸው። የውሻን ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ኩላሊትና ጉበት ይጎዳሉ። ለውሻ የሚሆን ማስታገሻ አለ፤ እሱን በክብደቱ ልክ ለክቶ የሚያዝለት ሐኪም ነው።

ወደ ግድግዳው እንመለስ። ጃክ ቆሞ ሲቆላ ጅራቱ የሚያርፍበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት ያድርጉበት። ለብዙ ትልልቅ ውሾች ከመሬት ከ40 ሴንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ባለው መካከል ነው። እዚያ ላይ ጭድ የተሞላ ጆንያ ይስቀሉ ወይም የተሰነጠቀ የመኪና ካላማዳሪ ይምቱበት። አሮጌ የፍራሽ ስፖንጅም ይሆናል። ብቻ ጃክ ዕቃ የሚያኝክ ከሆነ ስፖንጅ ይቅርበት፤ ከዋጠው አንጀቱን ይዘጋዋል።

ከዚያም ማሰሪያውን ከጥግ ያውጡት። ግቢው መካከል፣ የማንጎው ወይም የአቮካዶው ጥላ ሥር ይሁን። ከሁሉ የምመርጠው ከዛፍ ወደ ምሰሶ ሽቦ ወጥሮ ሰንሰለቱ በቀለበት እንዲንሸራተት ማድረግ ነው። ውሻው ይንቀሳቀሳል፣ ጅራቱም ከየትኛውም ግድግዳ ይርቃል። ቀን ተፈትቶ የሚውልበትን ጊዜ ካገኙለት ደግሞ በጣም ደስ ይለኛል። ቀኑን ሙሉ ታስሮ የዋለ ውሻ ሰው ሲያይ ደስታው ከልክ ያልፋል፤ ጅራቱን የሚሰብረውም ያ ነው።

ሰላምታውንም ቦታ ያስቀይሩት። በሩ ላይ አያናግሩት፣ ስሙንም አይጥሩት። ዝም ብለው ይግቡ፣ ሜዳው መካከል ይድረሱ፣ እዚያ ቆመው ቀስ ባለ ድምፅ ሰላም ይበሉት። እንዲቀመጥ ያስተምሩት። የቤቱ ልጆችም እንዲሁ ያድርጉ። አንድ ልጅ በር ላይ «ጃክ! ጃክ!» እያለ ከጮኸ የሳምንቱ ድካም በአንድ ደቂቃ ይፈርሳል። ውሻው አይደሰት አላልኩም። ሜዳ ላይ እንደ ልቡ ይደሰት።

ይህን ሁሉ አድርገው በአራት ወይም በአምስት ሳምንት ካልዳነ፣ ጫፉ ከጠቆረና ከቀዘቀዘ፣ ወይም አጥንት ከታየ መቆረጥ አለበት። ሙሉ ማደንዘዣ ተሰጥቶት፣ በሁለት አጥንቶች መገጣጠሚያ ላይ፣ ቆዳ ተርፎ እንዲሸፍነው ተደርጎ ነው የሚቆረጠው። ክሩ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይወጣል። ሐኪሙ አጠር አድርጎ መቁረጥ እንዳለበት ቢነግርዎት አይከፉ። ጫፉን ብቻ ካነሳነው የቀረው ጅራት እንደገና ይጋጫል። ጅራቱ ያጠረ ውሻ ይሮጣል፣ ይጠብቃል፣ ይደሰታል። በአካባቢያችሁ ያለው ክሊኒክ የሚያየው ከብት ብቻ ከሆነና ቀዶ ሕክምናውን ካልደፈረው፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እንዳለው ያስታውሱ። ከመሄድዎ በፊት ግን ደውለው ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ቤታችን ጣና ዳር ነው። ውሻችን ሊዮን የጀርመን ሼፐርድ ክልስ ነው። ቅዳሜ ከታንኳው ኋላ እየተከተለ በጣም ረጅም ዋኘ። እሑድ ጠዋት ጅራቱ ከሥሩ ትንሽ ወጣ ብሎ ከዚያ ወደታች ተንጠልጥሏል። አይቆላም። ስነካው ይጮሃል። ሰው አልመታውም፣ ቁስልም የለውም። ተሰብሮ ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በደንብ አይተህ ስለጻፍክልኝ አመሰግናለሁ። ከሥሩ ጥቂት ወጣ ብሎ ከዚያ መውደቁ ትልቅ ፍንጭ ነው። የጅራቱ ሥር ላይ ያሉት ጡንቻዎች ከአቅማቸው በላይ ሠርተው ተጎድተዋል። ውሻ ሲዋኝ አቅጣጫውን የሚያስተካክለው በጅራቱ ነው። ልምድ ሳይኖረው ረጅም ከዋኘ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ከታጠበ፣ ወይም በጠባብ ቦታ ተዘግቶ ረጅም መንገድ ከተጓዘ ይህ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 በብሪታንያ ላብራዶር ውሾችን ያየ፣ በስኮትላንድ የሚገኘው የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ጥናት የሚዋኙትና ለሥራ የሚውሉት ይበልጥ እንደሚያዙ፣ ቀዝቃዛ በሆነው ሰሜናዊ አካባቢም እንደሚበዛ አሳይቷል። ጣና እንደ ስኮትላንድ ውሃ አይቀዘቅዝም። ሊዮንን የጎዳው ርቀቱ ይመስለኛል፤ የጠዋቱ ነፋስ ረድቶት ሊሆን ይችላል።

አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ይድናል። እስኪድን ዋናም ሩጫም የለም። ደረቅና ሞቅ ያለ መኝታ አንጥፍለት። በለብ ውሃ የተነከረ ጨርቅ የጅራቱ ሥር ላይ 10 ደቂቃ ያህል ጠዋትና ማታ አሳርፍለት፣ ከዚያ አድርቀው። አትጎትተው፣ አታሸው።

ግን ከሥር እስከ ጫፍ በጣትህ ቀስ ብለህ ዳስስ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ አብጦ፣ ታጥፎ ወይም ሲነካ የሚያጓራ ከሆነ ስብራት ሊሆን ስለሚችል ራጅ ያስፈልገዋል። መቀመጫውን መሬት ላይ የሚጎትት ከሆነ ደግሞ ሕመሙ ከፊንጢጣው አጠገብ ካሉት ከረጢቶች ሊሆን ይችላል። የኋላ እግሮቹ ከደከሙ በዚያው ቀን አምጣው።

ሲድን በአጭር ርቀት አስጀምረው፣ ቀስ በቀስ ጨምርለት። ሲወጣ በጨርቅ አድርቀው። ደግሞ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል አታስዋኘው። እዚያ ጉማሬ አለ። ላንተም ለእሱም እፈራለሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ ዶክተር፣ እንደምን ሰነበትሽ? የሐይቁ ነፋስ የብረት በራችንን ወርውሮ የውሻዬን ጅራት ቀረጠፈው። ጫፉ ላይ የጣት ያህል ቆዳው ተገፎ አጥንቱ ነጭ ሆኖ ይታያል። ጎረቤት በክር እሰሪውና በራሱ ይወድቃል አለኝ። ሆዴ አልቻለም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እማማ፣ ሆድዎ ልክ ነው፤ አይሰሩት። ክሩ ጅራቱን በሕይወት እያለ ያበሰብሰዋል፣ ሥቃዩም ቀን ከሌት ነው። ቆዳው ዙሪያውን የተገፈፈና አጥንቱ የታየ ጅራት ፋሻ አያድነውም፣ ቆዳም ተመልሶ አይለጠፍበትም። ቀዶ ሕክምና ነው የሚያስፈልገው፤ ዛሬ ቢሆን እመርጣለሁ። እስኪደርሱ ድረስ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ በጨው ውሃ አርጥበው ይጠቅልሉለት። በላዩ ደረቅ ጨርቅ ይድገሙበት። ምግብ አይስጡት፤ ማደንዘዣ ሊወስድ ስለሚችል ሆዱ ባዶ ይሁን። ውሃ ይጠጣ።

አንድ ነገር ደግሞ ይዩልኝ። በሩ ይዞት ሳለ ራሱን ለማስለቀቅ በኃይል ጎትቶ ከሆነ ጉዳቱ ጫፉ ላይ ብቻ ላይሆን ይችላል። ከጅራቱ ሥር አጠገብ ሽንትንና ዓይነ ምድርን የሚቆጣጠሩ ነርቮች አሉ። ሲጎተት እነሱ ሊጎዱ ይችላሉ። ከዛሬ ጀምሮ ሽንቱን ይከታተሉ። ጨርሶ ካልሸና፣ እየተኛ የሚያመልጠው ከሆነ ወይም ዓይነ ምድሩ ሳያውቀው ከወደቀ፣ ይህ ከቁስሉ ይብሳል። ለሐኪሙ ከምንም በፊት ይህን ይንገሩት። ሕፃናት የውሻን ጅራት ይዘው ሲጎትቱ የምቆጣው ለዚህ ነው።

በሩንም ያስተካክሉ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ክፍት ከሚተዉት በድንጋይ ይደግፉት ወይም በመንጠቆ ከአጥሩ ጋር ያስይዙት። በሩ በሚዘጋበት ጠርዝ ላይ ካላማዳሪ ቆርጠው ቢያስመቱበት ሲዘጋ አይቀረጥፍም። የመኪና በርም ያው ነው። ጅራቱ ገባ ወይ ሳይሉ አይዝጉ።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የውሻዬን ጅራት ፋሻ ስቀይር አመመውና እጄን ነከሰኝ። ትንሽ ጭረት ነው። የውሻው ክትባት ጊዜው አልፏል። ያሳስባል?

መልስ፦ አዎ፣ ያሳስባል። ይህን እያነበቡ ከሆነ ይነሱና ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ይጠቡት። ከዚያ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሄደው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ጉዳይ ይነጋገሩ። ጭረቷ ትንሽ ናት ብለው አይተዉት። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም። ውሻውን አይግደሉት፣ አይልቀቁትም። ለ10 ቀን አስረው ይከታተሉት፤ የጠባይ ለውጥ ካዩ ወዲያው ያሳውቁ። ክትባቱን ሐኪሙ በሚነግርዎ ጊዜ ያድሱለት፣ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ አያሳልፉ።

ወዳጅ ውሻ አይነክስም የሚባለው ውሻው ጤነኛ ሲሆን ነው። ያመመው ውሻ እናቱንም ይነክሳል። ለሚቀጥለው ጊዜ ረጅም የነጠላ ቁራጭ ወይም ፋሻ ይያዙ። ልል ቋጠሮ ሠርተው አፉ ላይ ያስገቡ፣ ከአገጩ ሥር ይቋጥሩት፣ ከጆሮው ኋላ ይሰሩት። ሲጨርሱ ወዲያው ይፍቱለት። የሚያስመልሰው ወይም ለመተንፈስ የሚቸገር ከሆነ አፉን አይሰሩት። አንድ ሰው ጭንቅላቱን አቅፎ ያናግረው፣ ሌላው ይሥራ። ብቻዎን አይሞክሩት።

ጥያቄ፦ ውሻችን ወልዳለች። አባታቸው ትልቅ ስለሆነ ቡችሎቹም ትልቅ ይሆናሉ። አንድ የሚያውቅ ሰው «ኋላ እንዳይጎዱ አሁኑኑ ጅራታቸውን በላስቲክ ይሰሩ፣ ኃይለኛም ይሆናሉ» አለኝ። እውነት ነው?
ከድባንቄ

መልስ፦ እባክዎን አያድርጉት። ጅራት መቁረጥ ውሻን ኃይለኛ አያደርገውም፤ ጆሮ መቁረጥም እንዲሁ። ቀድሞ የጠቀስኩት የብሪታንያ ጥናት ይህንንም አስልቶታል። የጅራት ጉዳት የሚያገኘው ከ1,000 ውሾች ሁለቱን ያህል ነው። አንድ ጉዳት ለመከላከል 500 ያህል ቡችሎች መቆረጥ አለባቸው ማለት ነው። በቁጥቋጦ ውስጥ ለአደን የሚሮጡ አንዳንድ ዝርያዎች ላይ ጉዳቱ ከዚህ በጣም እንደሚበዛ አውቃለሁ። የእርስዎ ቡችሎች ግን ግቢ ጠባቂ ናቸው። እንግሊዝ ውስጥም እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው የእንስሳት ደህንነት ሕግ፣ ለሥራ ከሚውሉ የተወሰኑ ዝርያዎች በቀር፣ ጅራት መቁረጥ ተከልክሏል።

ቡችላ ሕመም አይሰማውም የሚሉም አሉ። ይሰማዋል። ላስቲክ የታሰረበት ጅራት እስኪወድቅ ቀናት ይወስዳል፣ በዚያ በኩል ኢንፌክሽን ይገባል። ውሻ ደግሞ ከሌላ ውሻ ጋር የሚነጋገረው በጅራቱ ነው። መፍራቱን፣ መደሰቱን፣ መቆጣቱን በእሱ ይናገራል። ያንን ከወሰዱበት በኋላ በየመንገዱ ጠብ ቢበዛበት አይገርመኝም። ጅራታቸውን ይተዉላቸውና ሲያድጉ የሚታሰሩበትን ቦታ ከአሁኑ ያስቡበት።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ዓሣ በሚወርድበት ዳርቻ አካባቢ እንኖራለን። ውሻችን ቆሻሻ ውስጥ ሲንጎራደድ ይውላል። የጅራቱ ግማሽ ወደታች አብጧል፣ ይልሰዋል። ቁስል ግን አልታየኝም። ምን ሊሆን ይችላል?

መልስ፦ ክር ፈልግ። የተጣለ የናይለን መረብ ቁራጭ ፀጉር ውስጥ ይገባና ይጠመጠማል። ቀጭንና መልኩ ውሃ ስለሆነ ዓይን አያየውም፤ ጅራቱ ባበጠ ቁጥር ደግሞ እየጠለቀ ይሄዳል። ውሻውን አስይዝ፣ ፀጉሩን በውሃ አርጥበህ ከሥሩ ጀምሮ ለሁለት እየከፈልክ ውረድ። እብጠቱ የሚጀምርበት መስመር ላይ ታገኘዋለህ። ክሩ ከቆዳው በላይ ካለ ጫፉ ድቡልቡል በሆነ መቀስ ቁረጠው፣ በጨው ውሃ እጠበው፣ አጥብቀህ አትሸፍነው። ከክሩ በታች ያለው ክፍል ሞቅ ብሎ መልኩ ከተመለሰ ይተርፋል። ከቀዘቀዘ ወይም ከጠቆረ ክሊኒክ ውሰደው። ክሩ ሥጋው ውስጥ ገብቶ ከሆነ በምላጭ አትቆፍር፤ አደንዝዘን እናወጣዋለን።